በአርባ ሰባት ዓመቴ ሥራ ፍለጋ

ኖቬምበር 2፣ ቅዳሜ

የሙታን መታሰቢያ ቀን ነው። የመቃብሩ ግቢ በሻማ ደምቋል። ለአባባ አንድ፣ ለእማማ አንድ ለኮስኩ። የእማማ አፈር ገና አልረጋም። አንዲት የድሮ ጎረቤታችን ክንዴን ያዝ አድርገው «ከእንግዲህ ለራስሽ ኑሪ እንጂ ሂልካ» አሉኝ። እሺ አልኩ። ለራስ እንዴት እንደሚኖር ግን አልነገሩኝም።

ወደ ማታ ወንድሜ ቬሳ ከታምፔሬ ደወለ። ቬሳ ነገር ማንዛዛት አይወድም። «ቤቱን አዲስ ዓመት ሲገባ እንሸጠዋለን። እስከ ገና ሥራ ካገኘሽ ከተማ ውስጥ አንድ ክፍል ትከራያለሽ። ካላገኘሽ እኛ ጋ ትመጫለሽ። ማሪት የኋለኛውን ክፍል ለአንቺ ብላለች።»

ማሪት ሚስቱ ናት። ከወሊድ ፈቃድ ጃንዋሪ ላይ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች፤ መንትዮቹ ገና ዓመት አልሞላቸውም። እናቷም ዳሌያቸውን በቀዶ ጥገና ከተሠሩ ወዲህ እዚያው ናቸው። «ሰው ይበዛልሻል፣ አይደብርሽም» አለኝ ቬሳ። ደግ ናቸው፣ እግዜር ይስጣቸው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን እጄን ምድጃው ላይ እንደዘረጋሁ ብዙ ቆምኩ። ምድጃው አልተለኮሰም ነበር።

ኖቬምበር 3፣ እሑድ

ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ተኛሁ። አንዴም አልነቃሁም። እንዴት ያሳፍራል።

ኖቬምበር 5፣ ማክሰኞ

ሥራ አገናኝ ቢሮ ሄድኩ። የሚያነጋግረኝ ልጅ ኒክላስ ይባላል። ወልጄ ቢሆን ኖሮ እሱን የሚያክል ልጅ ይኖረኝ ነበር። ትሑት ነው፤ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ።

«ትምህርትዎ?»

«ዘጠነኛ ክፍል።»

«ከዚያ በኋላ የት ሠሩ?»

«የትም። ቤት ነበርኩ።»

«ሠላሳ ዓመት?» አለና ደነገጠ መሰለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ማለቴ፣ ቤት ምን ይሠሩ ነበር?»

«ምንም። አባቴ ላሞች ነበሩት። ከዚያ እናቴ ታመመች።»

ጣቱ ኮምፒዩተሩ ላይ ትንሽ ቆመ። ከዚያ መታ መታ አደረገ። ስክሪኑን ሰረቅ አድርጌ አየሁት፤ «የሥራ ልምድ፦ የለም» ይላል። ልክ ነው። ላም ማለብ ሥራ ነው እንዴ? ላም ያለው ሁሉ ያልባል። እናት ያለውም ሁሉ ያስታምማል።

ቀጠሮ ሐሙስ። ማመልከቻ ጽፌ እንድመጣ። «ጥሩ ጎንዎን ይጻፉ፣ አይፈሩ» አለኝ።

ኖቬምበር 6

«ትጉህ ነኝ» ብዬ ጻፍኩ። ሰረዝኩት። እሱን የሚለው ሌላ ሰው ነው እንጂ ራሴ እንዴት እላለሁ? «ሰው አክባሪ ነኝ» አልኩ። ሰረዝኩት። እማማ ብታየው በሳቅ ትሞት ነበር። ሦስት ወረቀት አበላሸሁ።

ኖቬምበር 7፣ ሐሙስ

ኒክላስ ማመልከቻዬን ጮክ ብሎ አነበበው። «ሥራ ብትሰጡኝ ደስ ይለኛል። ሙያ የለኝም። የተሻለ ሰው ካገኛችሁ ቅር አይለኝም።»

ወረቀቱን አስቀመጠና ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ።

«ሂልካ፣ ይሄ እኮ ማመልከቻ አይደለም። ይቅርታ መጠየቂያ ነው።»

«ውሸት መጻፍ አልችልም።»

«ማን ውሸት አለ? እናትዎ ለስንት ጊዜ ታመው ነበር?»

«አስራ አንድ ዓመት።»

«ማን ያግዝዎት ነበር?»

«ቬሳ በገና ይመጣ ነበር።»

ሌላ ማመልከቻ ራሱ ጻፈልኝ። «ታታሪና እምነት የሚጣልባት» ይላል። አውቶቡስ ውስጥ አንብቤው ፊቴ እስከ ጆሮዬ ጋለ። ጎኔ የተቀመጠው ሰው እንዳያየው አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

ኖቬምበር 12

ሱፐርማርኬት። የሒሳብ ማሽን ትችያለሽ? አልችልም። የትምህርት ቤት ወጥ ቤት። የንጽሕና ፈተና ወረቀት አለሽ? የለኝም። የሕንፃ ጽዳት። መኪና ትነጃለሽ? ትራክተር እነዳለሁ ስላቸው ሳቁ። በክፋት አልነበረም፤ ቢሆንም ከዚያ በኋላ ሌላ ቦታ መሄድ አልቻልኩም። ቤት ገብቼ አልጋዬን አነጠፍኩ፤ አንጥፌም እንደገና አነጠፍኩት።

ኖቬምበር 14

ኒክላስ ደወለ! የልብስ ማጠቢያ ድርጅት፣ የአራት ሳምንት የሙከራ ሥራ። «ከወደዱዎት ያስቀሩዎታል» አለ። ቬሳ ምን ይላል ብዬ ደወልኩለት። «መሞከሩ አይጎዳም» አለ። ከኋላው ማሪት «ክፍሉን ግን ቀለም እያስቀባሁት ነው በላት» ስትል ሰማኋት።

ኖቬምበር 18፣ ሰኞ

ንጋት አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ገባሁ። ጨለማ፣ ዝናብ፣ በረዶ የቀላቀለ። ውስጡ ግን ሙቀቱ እንደ ሳውና ነው። የሆስፒታልና የሆቴል አንሶላ በጋሪ ተቆልሎ ይመጣል፣ ታጥቦ በትልቅ መተኮሻ ውስጥ ያልፋል። አለቃዋ ቱውላ ረጅም፣ ፈጣን ሴት ናት፤ የምትነግርሽን አንዴ ብቻ ነው የምትነግርሽ። ራይሊ ለምትባል ሠራተኛ አስረከበችኝ። ራይሊ ጡረታ ልትወጣ ሁለት ዓመት የቀራት፣ አጭር፣ ምላሷ ስል የሆነች ሴት ናት።

«አንሶላ አጥፈሽ ታውቂያለሽ?»

«ትንሽ ትንሽ።»

ሁለት ሁለት ጫፍ ይዘን ሳብ፣ ገጠም፣ ሳብ። አምስተኛው ላይ ቆም አለችና አየችኝ። «ትንሽ ትንሽ ነው ያልሽኝ?» የተሳሳትኩ መስሎኝ ይቅርታ ጠየቅኳት። ቀጣዩን አንሶላ አነሳች።

ሦስት ሰዓት ላይ ደወል ተደወለ። ሁሉም የየራሱን ኩባያ ይዞ ወደ ቡና ክፍል ሄደ። እኔ ቀረሁ። ቡናው የሠራተኞቹ ነው፤ እኔ ለሙከራ የመጣሁ ሰው ምን አግብቶኝ። እነሱ እስኪመለሱ አንድ ጋሪ ጨረስኩ።

ኖቬምበር 20

ዛሬም ቡና ላይ አልሄድኩም። ማንም ምንም አላለኝም። እኛ ጋ ዝም ከተባልሽ ደህና ነሽ ማለት ነው።

ኖቬምበር 22፣ ዓርብ

ራይሊ በሩ አጠገብ «ቅድስቲቱ ዛሬም አልጠማትም» ስትል ሰማሁ፤ ሌሎቹ ሳቁ። ማን እንደሆነች አልገባኝም። ከመካከላቸው አንዷ ጾመኛ ትሆናለች። በቡና ሰዓት ሁለት ጋሪ ጨረስኩ። እንዲህ ከበረታሁ ሳያዩት አይቀሩም።

ኖቬምበር 26

ማሪት የክፍሉን ፎቶ ላከችልኝ። ነጭ ቀለም ተቀብቷል። «እማዬ ሌሊት ስለምትነሳ እንዳትቸገሪ አልጋሽን በሯ አጠገብ አደረግኩት» ብላ ጽፋለች። አሳቢ ናት። አመሰግናለሁ ብዬ መለስኩ። ከዚያ ውጭ ወጥቼ በረዶ ጠረግኩ። ጠዋት የጠረግኩት ነው፤ ምንም አልነበረም የሚጠረግ።

ኖቬምበር 28

ጋሪዬን ወደ መተኮሻው ስገፋ አንዷ መንገድ አልለቅም አለችኝ። አላየችኝም ይሆናል።

ዲሴምበር 1፣ እሑድ

ከገና በፊት ካሉት አራት እሑዶች የመጀመሪያው። አንዷን ሻማ ለኮስኩ። ቤቱ ጸጥ ብሏል። የእማማ አልጋ አሁንም ሳሎን ውስጥ ነው፤ የሆስፒታል አልጋ ስለሆነ መጥተው ይወስዱታል ተብሎ ነበር፣ አልመጡም። እኔም ደውዬ አላስታወስኳቸውም።

ስለዚያ ማክሰኞ አልጽፍም ብዬ ነበር። ሴፕቴምበር 17። ሊነጋ ሲል ሞተች። አጠብኳት፣ ጸጉሯን አበጠርኩላት፣ ለቬሳ ደወልኩ። ቬሳ ስልኩ ላይ አለቀሰ። እኔ አላለቀስኩም። በቀብሩ ሰዎች «ጠንካራ ናት» አሉኝ። ጠንካራ! ያን ቀን ምን እንዳደረግኩ ቢያውቁ ጥንካሬ ነው አይሉትም ነበር። ለቬሳም አልነገርኩትም። አሁንም እጄ እሺ አላለኝም፤ እዚህ ላይ ይብቃኝ።

ዲሴምበር 4፣ ረቡዕ

ቱውላ ወደ ቢሮዋ ጠራችኝ።  ሥራዬን ወደውታል ብዬ ነበር፣ አይ እኔ!

«ሂልካ፣ እዚህ ከማንም ጋር መሥራት አትፈልጊም እንዴ?»

«እኔ?»

«ቡና ላይ አትቀመጪም። እነሱ ሲቀመጡ አንቺ ትሠሪያለሽ። ተመልሰው ሲመጡ ሥራው ተቆልሎ ይጠብቃቸዋል። በዚህ ሰነፎች ናችሁ እያልሻቸው ነው የሚመስላቸው።»

«የእነሱን ቡና መጠጣት ከብዶኝ ነው እንጂ…»

«ራይሊ ያን አሥራ አምስት ደቂቃ ለማስከበር ስንት ዓመት ከአለቆች ጋር እንደተጨቃጨቀች ታውቂያለሽ? አንቺ ደግሞ በነጻ ትሰጫቸዋለሽ።» ተነፈሰች። «የሙከራሽ መጨረሻ ዓርብ ሳምንት ነው። ሰዎቹ አንድ ቃል ካልተናገሩልሽ እኔ ማስቀረት አልችልም።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ቅድስቲቱ እኔ ነኝ ለካ! ይሄን ሁሉ ቀን በረታሁ ብዬ ለራሴ ሳጨበጭብ ሰው እያስቀየምኩ ኖሯል። አንቺ ሴትዮ፣ ከአልጋና ከላም ሌላ ምን ታውቂያለሽ?

ዲሴምበር 6፣ ዓርብ

የነጻነት በዓል። ሥራ የለም። መስኮቱ ላይ ሁለት ሻማ አስቀመጥኩ፣ እንደ ሁሉም ሰው። ቀኑን ሙሉ ሄል የገባበት ጣፋጭ ዳቦ ስጋግር ዋልኩ። አዲስ ሠራተኛ የመጀመሪያው ቀን ነበር ዳቦ ይዞ መምጣት ያለበት፤ ይሄን ሕፃን ልጅ ያውቃል። እኔ ግን ሠራተኛ ነኝ ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ዲሴምበር 9፣ ሰኞ

ብዙ የምጽፈው አለ። ከሥራ እንደመጣሁ ነው፤ ኮቴን እንኳ አላወለቅኩም።

ደወሉ ሲደወል እጄን ጠረግኩ፣ ዳቦዬን ያዝኩ፣ ተከተልኳቸው። ኩባያ ይዤ ሄጃለሁ፤ የት እንደምቀመጥ ግን አላወቅኩም። ቆሜ ቀረሁ። ራይሊ ወንበር በእግሯ ገፋችልኝ።

«ተቀመጪ። ዛሬ ጠማት ቅድስቲቱን።»

ተቀመጥኩ። ዳቦው ዞረ። ሁሉም ያኝካሉ። መናገር ያለብኝ እኔ ነበርኩ። እንዲህ አልኩ፣ ቃል በቃል ነው የምጽፈው፦ «እናንተን ንቄ አይደለም። ቡናው አይገባኝም ብዬ ነው።»

«ለምን አይገባሽም?» አለች ራይሊ።

«በሕይወቴ ሥራ ሠርቼ አላውቅም።»

«አትዋሺ። እንዳንቺ አንሶላ የሚይዝ ሰው በሠላሳ ዓመት አላየሁም። የት ተማርሽው?»

«ቤት። እናቴ አልጋ ላይ ነበረች። አስራ አንድ ዓመት።»

«መነሳት አትችልም ነበር?»

«አትችልም። ቀንም ሌሊትም በየሁለት ሰዓቱ አገላብጣታለሁ። አንሶላውን እሷ እንደተኛች ነው የምቀይረው። ነርሷ በወር አንዴ ትመጣ ነበር።»

ራይሊ ኩባያዋን አስቀመጠች። «ጀርባዋ ቆሰለ?»

«አልቆሰለም። አንድም ቀን።»

 ራይሊ ጠረጴዛውን እያየች «የእኔ እናት የሚንከባከቡ ባለሙያዎች ነበሯት፤ የምስክር ወረቀት ያላቸው» አለች። «ጀርባዋ ቆስሎ ነው የሞተችው።» ማንቆርቆሪያውን አንስታ ቡና ቀዳችልኝ። ትንሽ ፈሰሰ፤ ማንም አልጠረገውም።

እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም፤ ለቬሳ ያልነገርኩትን ለእነሱ ነገርኳቸው። «የሞተች ቀን ወስደዋት ሲሄዱ ተኛሁ። እስከ ማግስቱ ማታ ተኛሁ። ስነቃ ደስ ብሎኝ ነበር። እናቴ ሞታ፣ ደስ ብሎኝ ነበር።»

ከዚያ አለቀስኩ። እዚያው፣ በሥራ ልብስ፣ በማላውቃቸው ሰዎች ፊት፤ ንፍጤ ሁሉ ወጣ። ራይሊ የታጠበ ፎጣ አቀበለችኝ፤ የሆስፒታሉ ነበር። «እኔም እንቅልፍ ነው ያማረኝ» አለች ቀስ ብላ። «ማንም አይናገረውም እንጂ ሁላችንም ያው ነን። በይ አፍንጫሽን ጥረጊ፣ አራት ደቂቃ ነው የቀረን፤ ለአለቃ በነጻ አንሰጥም።»

ዲሴምበር 11፣ ረቡዕ

ዛሬ ራሴን በጥፊ ብመታው ደስ ባለኝ።

ከሥራ ስወጣ ቱውላ አስቆመችኝ። «ከጃንዋሪ ጀምሮ የሦስት ወር ቦታ አለ። ራይሊ ስለ አንቺ ተናግራለች። ሌላም አመልካች አለ። ትፈልጊዋለሽ?»

እኔስ ምን ብል ጥሩ ነው? «የተሻለ ሰው ካላችሁ እኔ ቅር አይለኝም።»

«እሺ» አለች ቱውላ። ደብተሯ ላይ አንድ ነገር ጻፈችና ሄደች።

አውቶቡስ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ። ወንዙን እስክናልፍ አልገባኝም። ቱውላ ከቃል በስተጀርባ ሌላ ነገር የምትፈልግ ሰው አይደለችም። አልፈልግም አለችኝ ብላ ነው የሄደችው! መቀርቀሪያውን የዘጋሁት ራሴ ነኝ። ያ ነጭ ክፍል ዓይኔ ላይ መጣ፤ የአሮጊቷ በር፣ አልጋዬ አጠገቡ። ደወሉን ተጫንኩ። ሹፌሩ «እዚህ ማን አለሽና ነው የምትወርጂው?» አለኝ። ወረድኩ። በድልድዩ ላይ ወደ ኋላ ሮጥኩ፣ ሮጥኩ ማለት ከተቻለ፤ በረዶው ጉልበቴ ይደርስ ነበር።

ስደርስ ቱውላ ቢሮዋ ውስጥ ስልክ በእጇ ይዛለች።

«እፈልገዋለሁ» አልኩ። ትንፋሽ አጥሮኛል። «ቅድም ያልኩትን እርሺው። ሥራውን እፈልገዋለሁ። እችለዋለሁም። በደንብ ነው የምሠራው።»

«ታዲያ ለምን ቅድም እንደዚያ አልሽ?»

«ልማድ ነው።»

 ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «ነገ ወረቀቱን ትፈርሚያለሽ። አሁን ቤትሽ ግቢ፣ ጫማሽ ሁሉ ውሃ ነው።»

«በደንብ ነው የምሠራው» አልኩ! ራሴ፣ ስለ ራሴ! አሁን ስጽፈው እንኳ ፊቴ ይቃጠላል። ግን እውነት ነው።

ዲሴምበር 12

ፈረምኩ። ራይሊ ከሥራ ቦታችን ከፍ ብሎ አንዲት የሚከራይ ክፍል ያለው ሰው አውቃለሁ አለች፤ ወጥ ቤቱ ጠባብ ነው፣ አልጋው የሚገባው ግን መስኮቱ ሥር ነው። ለቬሳ አልደወልኩም። ነገ።

ዲሴምበር 13

ነገ።

ዲሴምበር 15፣ እሑድ

ቬሳ ራሱ ደወለ። «ቅዳሜ የዕቃ መኪና ይዤ እመጣለሁ፤ ሣጥኖችሽን አዘጋጂ» አለ።

«ሥራ አግኝቻለሁ» አልኩት።

«የሦስት ወር ነው አይደል? ከዚያስ?»

«ከዚያ አላውቅም።»

ማሪት ስልኩን ተቀበለችው። «ሂልካ፣ እኛ እኮ ለአንቺ ብለን ነው። ክፍሉን ቀብተናል። ልጆቹን ለማን ልተዋቸው? እማዬንስ ማን ያነሳታል?»

እሷን ማስከፋት አልፈልግም ነበር። ድምጿ ውስጥ ፍርሃት ነበር፤ ያን ፍርሃት አውቀዋለሁ። «ከባድ ነው ማሪት፣ አውቃለሁ» አልኳት። «ግን አልመጣም።»

ስልኩ ወደ ቬሳ ተመለሰ። እሱ ተቆጥቷል። «እማማ ብትኖር ይሄን ብትሰማ ምን ትል ነበር?»

 መለስኩለት። «እማማ ብትኖርማ ቬሳ፣ ሥራ አልፈልግም ነበር። አልጋዋ አጠገብ ነበርኩ። አሁንም እዚያው ነበርኩ።»

 ከቬሳ በኩል የመኪና ድምፅ፣ የአንደኛው ልጅ ለቅሶ ይሰማኛል። ይዘጋዋል ብዬ አስቤ ነበር።

«ነገ በስንት ሰዓት ነው የምትገቢው?» አለኝ።

«ንጋት አስራ ሁለት ሰዓት።»

«መንገዱ ያንሸራትታል ብለዋል» አለ። ድምፁ ተሰባብሯል። «ቀደም ብለሽ ውጪ።»